ቡዳ ላለችው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን የምጽፍልሽ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጬ ነው፤ ቤት ውስጥ የማይጻፍ ነገር ስላለኝ።

ከታዋቂው አስማተኛ ከሁዲኒ ሙዚየም የላክሽልኝን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። አያትሽ ግን አላየችም። ቡዳፔስት ማለት ቡዳና ፔስት የሚባሉ ከተሞች ተዋህደው እንደሆነ አምልጦኝ ነግሬያት፣ ከዚያ ወዲህ ስምሽን በጠራች ቁጥር «ትፍ ትፍ» ትላለች። ሙዚየሙ በቡዳ በኩል፣ ያውም የአስማተኛ ቤት መሆኑን ብትሰማ በማግስቱ ጠበል ይዛ ኤርፖርት ናት። አስማት በግዕዝ «ስሞች» ማለት እንደሆነ ላስረዳት ሞክሬ ነበር፤ «የማን ስሞች?» ብላ ዘጋችኝ።

ሰውየውም በስም የተጫወተ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 እዚያው ቡዳፔስት ኤሪክ ቫይስ ተብሎ ከረቢ፣ ማለትም ከአይሁድ ሃይማኖት መምህር፣ ተወለደ፤ በአራት ዓመቱ አሜሪካ ገባ። የመድረክ ስሙን ሰዓት ሠሪ ከነበረው ከፈረንሳዩ አስማተኛ ከሮቤር ኡዳን ወሰደ። የትውልድ ቦታውን እንኳ ለውጦ «አፕልተን፣ ዊስኮንሰን ተወለድኩ» ይል ነበር። አንቺ እንዲህ ያልሽ ቀን አልቀየምም ብዬ አልዋሽም።

ከካቴና ማምለጡ ደስ ይላል፤ በ1912 በርሊን ላይ እግሩን ታስሮ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ውሃ በሞላ ሣጥን ውስጥ መግባቱም ድንቅ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ግን የእናቱ ነገር ነው። እናቱ በ1913 ሞታ ሐዘኑ አልወጣለት አለ። በ1922 የደራሲው የአርተር ኮናን ዶይል ሚስት፣ መንፈስ ትጠራለች የተባለችው፣ ከእናቱ የመጣ መልእክት ብላ አሥራ አምስት ገጽ ጻፈችለት። ከላይ መስቀል ተደርጎበታል፣ በጥሩ እንግሊዝኛ ተጽፏል። እናቱ የረቢ ሚስት ነበረች፤ እንግሊዝኛም አትጽፍም። አላመነም። ከዚያ በኋላ ጢም እየለጠፈ፣ ሌላ ሰው መስሎ እየተቀመጠ፣ መንፈስ ጠሪ ነን ባዮችን ሲያጋልጥ ኖረ።

እኔ ያን ያህል ጎበዝ አልነበርኩም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ የትምህርት ቤት ክፍያሽ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀብኝ ብዬ ነበር፤ ታስታውሻለሽ። አልተሰረቀም። ለገሃር አካባቢ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ጥቁር ወረቀት በፈሳሽ አጥቦ መቶ ብር ሲያወጣ አሳየኝ። መቶዋን ሱቅ ወስጄ ስኳር ገዛሁባት፤ እውነተኛ ነበረች። ከዚያ አራት ሺህ ብሬን ከጥቁር ወረቀቶች ጋር ጠቅልሎ፣ በፕላስተር አስሮ፣ «ነገ ጠዋት እስክትፈታው ሰው እንዳያይብህ» ብሎ ሰጠኝ። ትራሴ ሥር አድርጌው አደርኩ። ጠዋት ስፈታው የተቆራረጠ ጋዜጣ ነው።

ከጆሮሽ ሥር ሃያ አምስት ሳንቲም እያወጣሁ ስንት ጊዜ አሳቄሻለሁ! ያ ዘዴ ሁሉ በእጄ ነበረ። ያ ሱፍ ለባሽ «ሰው መጣ» ብሎ ወደ በሩ ሲያሳየኝ፣ ልክ እኔ አንቺን «እዚያ ላይ ወፍ አለች» እንደምልሽ ነው። ደግሞ የባሰውን ልንገርሽ፦ እጁ ኮቱ ውስጥ ሲገባ ያየሁ ይመስለኛል። ያቺ አራት ሺህ ስምንት ሺህ እንድትሆን ስለፈለግኩ ዝም አልኩ። ሁዲኒም እኮ የእናቱን ቃል ፈልጎ ነበር፤ ያውም ከእኔ አብልጦ።

እናትሽ የአንገት ሐብሏን ሸጣ ከፈለችልሽ። ያኔ «ገንዘብ ይተካል፣ አንተ ደህና ሁን» ነበር ያለችኝ። ሁዲኒ ከሣጥኑ ይወጣ ነበር፤ እኔ ከዚህች ንግግር እስካሁን አልወጣሁም። በክረምት ስትመጪ አብረን እንነግራታለን፤ ብቻዬን አልችልም።

እስካሁን ከቤት ስወጣ «ታክሲ ውስጥ ኪስህን ያዝ» ትለኛለች። ዛሬም ብላኝ ነው የወጣሁት።

አባትሽ