እማዬ፣ አልወስዳትም

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። ብደውል ድምፅሽን ስሰማ ሆድ ይብሰኛል፣ የምለውም ይጠፋኛል፣ ስለዚህ ጻፍኩት። ደብዳቤዬን ሁሌ የምታነብልሽ እህቴ ናት፤ ይሄንን ግን ትንሹ ወንድሜ ያንብብልሽ።

40,000 ብር ልኬያለሁ። ለሰርጓ ነው። ለፓስፖርትና ለደላላ አይደለም። «እህትሽን ወደዚያ ውሰጃት፣ ማስተማሩ ምን ጠቀማት» ያልሽውን ሰምቼ ስገላበጥ አደርኩ። አልወስዳትም እማዬ። ከፈለግሽ ተቆጪኝ።

ደሞዟ እንደማይበቃት አጥቼው አይደለም። መሀል ሜዳ ከተማ የቤት ኪራይ ከፍላ፣ ሽሮና ዘይቷን ገዝታ፣ ሞላሌ አንቺ ጋ ለመምጣት ለመኪና የሚተርፋት ስንት ነው? መንገዱም አንዴ ይዘጋል አንዴ ይከፈታል። ተማሪ ሲወድቅ ደግሞ የሚሰደበው መምህር ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ስንቱ መምህራን ላይ ጣቱን ቀሰረ፤ መጽሐፍና ቤተ ሙከራ የሌለውን ትምህርት ቤት ማን አየው?

ግን የምትሠራውን አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ባለፈው በቪዲዮ ስንገናኝ መብራት ጠፍቶ፣ ባና ተከናንባ፣ በእጅ ባትሪ የፈተና ወረቀት ታርም ነበር። ብርዱና ጠመኔው ጣቷን ሰነጣጥቀውታል። ቫዝሊን ተቀቢ ስላት «ወረቀቱን ያበላሽብኛል» ትለኛለች። ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ ሞዴስ አለ፣ ለራሷ እንዳይመስልሽ። ከገጠር በሶና ቆሎ ሰንቀው መጥተው ቤት የተከራዩት ልጆች የወር አበባ ሲመጣባቸው ለወንድ መምህር አፍ አውጥተው አይናገሩም፣ ዝም ብለው ይቀራሉ፣ አንዴ መቅረት ከጀመሩ ደግሞ ትምህርቱ ያመልጣቸዋል፣ ከዚያ ባል ይመጣል። እሷ ጋ ግን ይመጣሉ። እኔ ሃይስኩል ስማር ሒሳብ የምታስተምር ሴት አይቼ አላውቅም። ሴት መምህር የምናውቀው ታች ክፍል ነበር።

ዲግሪዋን ስትጨርስ፣ ከዚያ እንደገና ፒጂዲቲውን፣ የመምህርነቱን ዲፕሎማ፣ ስትማር ወጪው ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ግን ያ ሁሉ የሰው ቤት ለማጽዳት ነው እንዴ? እኔ ደህና ነኝ ብያለሁ፣ አሮጊቷም ክፉ አይደለችም፤ ሌሊት ስለምትጠራኝ እንቅልፍ ብቻ ነው የሚያንሰኝ።

ሙሽራው ደብረ ብርሃን ሱቅ ስላለው «ሥራውን ትተወው» ብሏል አሉ። ልጁን አልጠላሁትም። ግን ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ፦ የጋብቻ ማስረጃዋን አያይዛ ዝውውር ትጠይቅ፣ እስኪመጣም ይታገስ። ቶሎ እንደማይመጣ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም አልጀብራ ስታስተምር የኖረች ልጅ ባንኮኒ ኋላ ቆማ ስኳር ስትመዝን መዋል ነው የሚያምርባት? ብትወልድ እንኳ በመንግሥት ሥራ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከነደሞዟ ታርፋለች። እዚህ ያረገዘች ልጅ የሚገጥማትን... ተይው፣ አልጽፈውም።

ጥር ላይ አልመጣም፣ እባክሽ ደጋግመሽ አታንሺብኝ። ከወጣሁ መመለሻ ወረቀት የለኝም። ትናንት ዕቃ እያጠብኩ ዝም ብሎ የጌሾ ሽታ መጣብኝ። ጠላው ሲጠነሰስ፣ ጎረቤቱ ጓሮ ተሰብስቦ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ አንቺ ማማሰያ ይዘሽ በሁሉም ላይ ስትጮሂ ታየኝና ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ሚዜዎቿ እነማን ናቸው? ቀሚሱን ማን ሰፋላት? ማንም አይነግረኝም። እልል ስትዪ ስልኩን ወደ አፍሽ አስጠጊልኝ።

የደም ብዛት ኪኒንሽን ለሁለት እየገመስሽ እንደምትውጪ ትንሹ ነግሮኛል፣ እሱን እንዳትቆጪው። እንዲያ እየቆጠብሽው አይሠራልሽም። ከብሩ መጀመሪያ የሚነሳው የመድኃኒትሽ ነው። ለሰርጉ አንድ በግ ቢቀነስ ማንም አይሞትም።

መልስሽን በድምፅ ላኪልኝ። መቆጣትሽ አይቀርም፣ ቢሆንም ላኪው።