ለሃዋሳ ግማሽ ማራቶን የቤተሰብ ጉዞ

ጤና ይስጥልኝ የቡድናችን አባላት። ለሃዋሳው ግማሽ ማራቶን ከነቤተሰባችን ልንሄድ ነው። የምትመጡ እስከ ረቡዕ ማታ አሳውቁን።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ እንነሳለን። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጆች ስላሉ ባቱ ላይ ቆመን ቁርስ እንበላለን። ሩጫው እሁድ ጠዋት ነው። 21 ኪሎ ሜትሩ ለሚከብዳችሁ 7 ኪሎ ሜትር አለ፤ ልጆችም የራሳቸው ሩጫ አላቸው። ባልና ሚስት ሁለታችሁም 21 የምትሮጡ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩን። ልጆቹን የሚይዝ ሰው ሳንመድብ መነሳት የለብንም።

ስለ ሙቀቱ አደራ! ሃዋሳ ከአዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትንፋሽ ይቀላል፣ ፀሐዩ ግን ይበረታል። እንጦጦ ብርድ ላይ በለመዳችሁት ፍጥነት አትጀምሩ። ውኃ በየጣቢያው ጠጡ፣ ባይጠማችሁም። ኮፍያና የፀሐይ ክሬም ያዙ። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አይሁን፤ እግር የለመደው ይሻላል። ለልጆች ሹራብ አትርሱ፣ ማታ ሐይቁ ዳር ይነፍሳል።

ቅዳሜ ምሳ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። የተጠበሰ ዓሣና የዓሣ ሾርባ ለሯጭ ጥሩ ነው። ጥሬውን ግን ከሩጫው በኋላ አድርጉት፣ ከሆዳችሁ ጋር እየታገላችሁ እንድትሮጡ አንፈልግም። እሁድ 8 ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን።

ስትመልሱ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ የልጆቹን ዕድሜ፣ የምትሮጡትን ርቀትና ስንት ክፍል እንደምትፈልጉ ጻፉልን። የማትመጡም «አንመጣም» በሉን፤ ሐሙስ ጠዋት ክፍል እንይዛለን።