ለልደታ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቻችን፦ እግዚአብሔር ይስጥልን

ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ይመስገን። ባለቤቴ ድኗል፤ መኪናውንም አስነስቶ ሥራ ገብቷል።

ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት ግማሹን ስለሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሞያሌ ይመላለሳል። ግንቦት 2017 ዓ.ም. ኤምፖክስ፣ ያው የዝንጀሮ ፈንጣጣ የምንለው፣ ሞያሌ ውስጥ በአንድ ጨቅላ ሕፃን ላይ መገኘቱ ይፋ ሆነ። የኛው ሰውዬ ደግሞ በዚያው ሰሞን ትኩሳት ይዞት ገባ። ወዲያው ፊቱና ደረቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣበት። በራሳችን እግር ጤና ጣቢያ ሄድን። ናሙና ተወሰደና ውጤቱ እስኪመጣ ከቤት እንዳትወጡ ተባልን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። ፎቶው የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለቀቀ። በራችን ጋ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ይዘው የሚሮጡ ነበሩ። የደረጃውን መደገፊያ በበረኪና የፈተጉም ነበሩ፤ እሱስ ይሁን፣ ቆሽሾ ነበር። በሽታው ግን ደረጃ ላይ በሚያልፍ ሰው ላይ ዘሎ አይወጣም። የሚተላለፈው ቁስሉን በመንካት፣ አንሶላና ፎጣ በመጋራት፣ ፊት ለፊት ተጠጋግቶ ረጅም ሰዓት በመቆየት ነው። ቢሆንም አልፈርድባችሁም። ኮሮናን ያየ ሰው ቢደነግጥ ምን ይገርማል?

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም። ጓንትና ማስኳን ያደረገችው ከበራችን ውስጥ ገብታ ነው። ደጅ ላይ ሆና ብታጠልቀው ሰፈሩ ምን እንደሚል ታውቅ ነበር። ስትወጣም ምድር ቤት ቆማ የጎረቤቱን ጥያቄ ሁሉ ሳትሰለች መለሰች።

የአንደኛ ፎቋ እማማ! «እኔ ዋናውን ፈንጣጣ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ይሄ ምን ያስፈራኛል?» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ገለጥ አድርገው ክንዳቸው ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ አሳዩን። ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ከዓለም መጨረሻ ላይ ከተገላገሉት አገሮች አንዷ ነን። ሁለቱ ቫይረሶች ዘመዳሞች ስለሆኑ የያኔው ክትባት ለኤምፖክስም በመጠኑ ይከላከላል አሉን። እማማ ይህን ሳይሰሙም ነው በየጠዋቱ አጥሚት በፔርሙዝ እየሞሉ በራችን ላይ ያስቀመጡት። «በር አትክፈቺ፣ ስወርድ ትወስጂዋለሽ» ይላሉ ጮክ ብለው፣ ፎቁ ሁሉ እንዲሰማ።

ባለሱቃችን፣ ዘይቱንም ዳቦውንም በዱቤ እየጻፍክ ልከህልናል፤ አንድ ቀን እንኳ «መቼ ትከፍላላችሁ» አላልክም። የእድራችን ሊቀመንበር፣ «ፎቶው አሁኑኑ ይውረድ» ብለው ግሩፑ ላይ ስለጻፉ ዕድሜ ይስጥዎት። ልጄን ትምህርት ቤቱ ለጊዜው ትቅር ሲል የቤት ሥራውን በስልክ ስትልኪላት የነበርሽው መምህርት፣ አንቺንም ብድርሽን ይክፈልልኝ።

ውጤቱ መጣ። ኤምፖክስ አልነበረም፤ ልጆችን የሚይዘው ጉድፍ ነው። ትልቅ ሰው ላይ ሲወጣ ይበረታል ለካ። ፎቶውን የለቀቀው ሰው ውጤቱን ለመልቀቅ ግን ያን ያህል አልቸኮለም። ይሁን።

ጉድፍ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሊጠይቀን ያልመጣ የለም፤ ደስ ብሎን ተቀብለናል። አጥሚቱ፣ ዳቦውና ስልኩ ግን የመጡት ማንም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው። ምናልባት ኤምፖክስ ቢሆንስ? እናንተ ይህን ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። ሆኖም መጣችሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱው ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ሳህኖቻችሁ እኛ ጋ ናቸው። ሁሉም በፈላ ውሃ ታጥበዋል፣ አትስጉ። ባዶ ሳህን መመለስ ነውር ስለሆነ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ድፎ እደፋለሁ፤ ቡናም ይፈላል። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው ትልቁ ሳህን የማን እንደሆነ አልታወቀም። ባለቤቱ ይምጣና ይውሰድ።