የዲስክ ጎልፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ጫካውን አንለቅም

ዘንድሮ ክበባችን ደጋግሞ የተጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ለምን ወደ ኳስ ሜዳው አትወርዱም?» ጥያቄው ከቅንነት የመጣ ነው። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው ዳገት ያደክማል፤ ባሕር ዛፉና ጥዱ መንገድ ይዘጋል፤ ዲስክም ይጠፋል። የክበቡ ተጠሪ መምህር እንደመሆኔ መልሴን እዚህ ላስቀምጥ፤ ጫካውን አንለቅም።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባብያን በአጭሩ ላስረዳ። ተጫዋቹ ከመነሻው ዲስኩን፣ ሳህን የሚመስለውን ክብ ፕላስቲክ፣ ይወረውራል፤ ዲስኩ ካረፈበት ቦታ ሆኖ ደግሞ ይወረውራል፤ ቅርጫቱ ውስጥ እስኪከት እንዲህ ይቀጥላል። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ተራው ከቅርጫቱ በጣም የራቀው ሰው ነው። ሰንሰለት የተንጠለጠለበትን የብረት ቅርጫት የፈለሰፈው አሜሪካዊው ኤድ ሄድሪክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ በኦክ ግሮቭ መናፈሻ ቋሚ መጫወቻ ያቋቋመውም እሱ ነው። ቅርጫት ከመምጣቱ በፊት ሰው የሚወረውረው ወደ ዛፍና ወደ ምሰሶ ነበር፤ እኛም የጀመርነው እንዲያው ነው። አብዛኞቹ ዒላማዎቻችን ዛሬም ኖራ የተቀቡ የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ናቸው። ዘንድሮ ግን የከተማችን ብየዳ ቤት ከነሰንሰለቱ አንድ ቅርጫት ሠርቶልናል። ዲስክ ገብቶ ሰንሰለቱ ሲንኳኳ የሰማ ተማሪ ያለ ጥሪ ለልምምድ ይመጣል።

ጫካው የሚያስተምረውን ለማየት ተማሪዎቹ «ወንፊት» ብለው የሰየሙትን ቦታ ማየት ይበቃል። መነሻው ከላይ ነው። ከፊት ለፊት ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠበት ጉቶ ብዙ ቡቃያ ስለሚያወጣ አምና ዲስክ የሚያሳልፈው ክፍተት ዘንድሮ ጠቧል። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ላይ አንድ ያረጀ ጥድ አለ፤ ዒላማው ከጥዱ በታች ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ተተክሏል። ጦር ውርወራ የሚወዳደር አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እዚህ ቦታ ላይ በሙሉ ኃይሉ ወረወረ። ዲስኩ የመጀመሪያውን ግንድ መትቶ ከመነሻው ኋላ ተመልሶ ወደቀ። ደገመ፤ ያው ሆነ። ከእሱ ቀጥላ የመጣችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዒላማውን ጨርሳ አላየችውም። ዓይኗን እጥፋቱ ላይ ጥላ ዝቅ አድርጋ አጭር ወረወረች፤ ቀጥላ እስከ ጥዱ ሥር፤ በሦስተኛው ቋሚውን መታች። ኳስ ሜዳ ላይ ቢሆን ልጁ በአንድ ውርወራ ብቻ ጥሏት ይሄድ ነበር፤ ሁለቱም የሚማሩት ነገር አይኖርም ነበር።

ከፍታውም የራሱ ትምህርት አለው። ደብረ ብርሃንና አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ዲስክ የሚንሳፈፈው አየሩን ተደግፎ ነውና እዚህ ድጋፉ ይቀንሳል። በቀኝ እጁ ክንዱን ከደረቱ ላይ አሻግሮ የሚወረውር ሰው ዲስኩ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ያዘነብልበታል፤ በኛ አገር አየር ይህ ቶሎ ይመጣል። ዓመቱ ሲጀመር ሁሉም የሚሻማው አዲሶቹን ዲስኮች ነበር። ከፊዚክስ መምህራችን ጋር ሆነን አዲሱንና ያረጀውን አንድ ዓይነት ዲስክ እያፈራረቅን ስንወረውር ግን ጠርዙ የተፋፋቀው፣ ግንድ ሲመታ የኖረው፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠርዙ ሲያረጅ ወደ ግራ የማዘንበል ጠባዩ ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ ሽሚያው ለአሮጌው ሆኗል።

ዳገት ላይ የዲስኩን አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጠርዙን፣ ከዳገቱ ጋር ያላስተካከለ፣ ቀና አድርጎ የለቀቀ፣ ዲስኩ አየር ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ይመለስበታል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አየር ላይ ብዙ ስለሚቆይ የማዘንበያ ጊዜ ያገኛል። ከሁሉ የከፋው በጠርዙ አርፎ መንከባለሉ ነው፤ ከዒላማው አጠገብ የነበረ ተማሪ ዲስኩን ቦረቦር ውስጥ ወርዶ ያነሳል። ስለዚህ ልጆቹ ከዒላማው በታች ማረፍን ለመዱ፤ ከታች ወደ ላይ የተወረወረ ቢስት እንኳ ሩቅ አይሸሽም።

መስከረም ላይ ቢጫ ዲስኮችን መጠቀም አቆምን፤ አደይ አበባው ውስጥ ከገቡ አይገኙም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ እስኪነሳ ጠብቀን ነው የጀመርነው፤ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ጣትም አይታዘዝም። እጥፋት ባለበት ሁሉ ጠቋሚ ተማሪ ከፊት ይቆማል፤ እረኛ ወይም ከብት ሲያልፍ እጁን ያነሳል፣ ጨዋታውም ይቆማል። በዚህ ሕግ ድርድር የለም።

ስለ ዛፎቹ የሚሰጉ መምህራን ነበሩ፤ ስጋታቸው ትክክል ነው። ዲስክ የጥድን ልጥ ይልጣል። በመነሻዎቹ ፊት ያሉትን ጥዶች በሰው ቁመት ልክ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለናል፤ ችግኝ ባለበት በኩል የነበረውንም አንድ መስመር ዘግተን ወደ ባሕር ዛፉ አዛውረናል። በጥር ወር በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ወዳለው የወፍ ዋሻ ደን የሄድነውም ለዚሁ ነው። ዲስክ አልያዝንም። ልጆቹ ዝግባውንና ኮሶውን፣ የጥዱንም ግዝፈት ቆመው አዩ። እኛ ጆንያ የምንጠቀልልለት ቀጭን ጥድ ቢጠበቅ ምን እንደሚሆን እኔ በቃል ከምነግራቸው ይልቅ ማየታቸው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በግንቦት በተደረገው የክፍሎች ውድድር የ11ኛ ክፍል ቡድን አሸንፏል። ጦር ወርዋሪው ተማሪያችን ሁለተኛ ወጥቷል፤ ወንፊት ላይ ለሩቅ ውርወራ የሚሆነውን ዲስክ ቦርሳው ውስጥ ትቶ በአጭሩ ነበር የተጫወተው። ያን ቀን ካየሁት ሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ክረምቱን መጫወቻው ዝግ ነው፤ እርጥብ ቁልቁለት ላይ እግር በተመላለሰ ቁጥር ቦረቦሩ ይሰፋል። በሐምሌ ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ጋር ሆነን ከወንፊት በታች እርከን እንሠራለን። አካፋና ዶማ ማዋስ የምትችሉ ወላጆች ለክፍል ኃላፊ መምህራን አስታውቁ። ለሁለተኛው ቅርጫት የሚሆን ያገለገለ ሰንሰለት ያላችሁም እንዲሁ።