የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ማስራሴክተር እና ጥርሶቹ

ክበባችን በ2016 የትምህርት ዘመን ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰበ ያጠናው፣ ማስራሴክተር የተባለውን፣ ቁመናው ከቤት ድመት የማይበልጥ የጠፋ ሥጋ በል አጥቢ እንስሳ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣለት ከካይሮ በስተደቡብ ምዕራብ ባለው በፋዩም በረሃ በተገኘ ቅሪተ አካል መነሻነት ሲሆን፣ «ማስር» በዐረብኛ ግብፅ፣ «ሴክተር» ደግሞ በላቲን ቆራጭ ማለት ነው።

እንስሳው የሚመደብበት ሃይኖዶንት የተባለው ቡድን ስሙ «ጅብ ጥርስ» እንደማለት ስለሆነ፣ የክበባችን አባላት በሙሉ የጅብ ዘመድ አድርገው ገመቱት፤ እኔም እስካጣራ ድረስ ከእነርሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ጅብ፣ ውሻና ድመት ከአንድ ሐረግ ሲመዘዙ ሃይኖዶንቶች ግን ከዚያ ውጭ የሆኑና ዘር ሳይተዉ የጠፉ ናቸው።

ልዩነቱን ለማሳየት በአጥር ሥር የተገኘ የውሻ ራስ ቅል በሳሙና ውኃ ዘፍዝፈን አጸዳን። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በውኃ የራሰ ቋንጣ በመንጋጋዎቹ መካከል አድርጋ ስትገጥማቸው፣ ቋንጣው በእያንዳንዱ ጎን የተቆረጠው በአንድ ቦታ ብቻ፣ የላይኛው የመጨረሻ ፊት መንጋጋ ከታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጋር እንደ መቀስ በሚተላለፍበት ነበር፤ ከኋላ ያሉት ጨፈለቁት እንጂ አልቆረጡትም። ሃይኖዶንቶች ግን በየጎናቸው እንዲህ ያሉ ሦስት መቀሶች ነበሯቸው። ይህን በሸክላ ጭቃ ለመሥራት ስንሞክር፣ በእኔ ችኮላ ፀሐይ ላይ በመሰጣቱ የመጀመሪያው ሞዴል ከመሐል ተሰነጠቀ።

በሁለተኛው መንፈቅ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለተገለጸው ማስራሴክተር ናናኑቢስ አነበብን። ይህ 34 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ዝርያ የተሰየመው የቀበሮ ራስ ባለው በጥንታዊው የግብፅ አምላክ በአኑቢስ ሲሆን፣ የራስ ቅሎቹም በሚያስደንቅ ሁኔታ ተርፈዋል። የክንዱ አጥንት የክርን መገጣጠሚያ ደግሞ ዛፍ ላይ የሚኖር ሳይሆን መሬት ለመሬት የሚሮጥ እንደነበር ያመለክታል።

ከአባላቱ አንዱ «በእኛ አገርስ?» ብሎ ስለጠየቀ፣ በጎንደር አቅራቢያ በጭልጋ የተገኙትን፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቆጠሩትን ቅሪቶች ተመለከትን። በዚያ ማስራሴክተርን ባናገኝም፣ በፋዩምም የሚታወቀውን ባለ ሁለት ግዙፍ ቀንድ አርሲኖይቴሪየም አገኘን።

ሁለተኛው ሞዴል ጥላ ሥር እየደረቀ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ከውሻው ራስ ቅል አጠገብ ተቀምጧል፤ የግራ ጎኑ ሦስተኛ መቀስ ብቻ ገና አልተሠራም።