ፈሪሳዊና ሰዱቃዊን አንድ ላይ አትጠቅልሏቸው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ መጀመሪያው ክፍለ ዘመን ኢየሩሳሌም ያወጣችሁትን ጽሁፍ ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ ደስ ብሎኝ አንዴ ተናድጄ። ጸሐፊው "ፈሪሳውያንና ሰዱቃውያን" እያለ ሁለቱን የአይሁድ የሃይማኖት ወገኖች ከላይ እስከ ታች የአንድ ፓርቲ ሁለት ስም አስመሰላቸው። ኧረ እነዚህ እኮ ዓይንህ ላፈር የሚባባሉ ሰዎች ነበሩ!

እስቲ የሐዋርያት ሥራ 23ን ግለጡት። ጳውሎስ ሸንጎ ፊት ቆሟል፣ ከፊሉ ሰዱቃዊ ከፊሉ ፈሪሳዊ መሆኑን አይቷል፣ እና ድንገት እኔ ፈሪሳዊ ነኝ የፈሪሳዊ ልጅ ነኝ የምከሰሰውም ስለ ሙታን ትንሣኤ ነው ብሎ ጮኸ። በቃ፣ ክሱ ተረሳና እርስ በርስ ተያያዙ። ሰዱቃውያን ትንሣኤም መልአክም መንፈስም የለም ባዮች ናቸው፣ ፈሪሳውያኑ ደግሞ አለ ባዮች፣ እንደውም ከነሱ ወገን የሆኑ ጸሐፍት ተነስተው መልአክ አናግሮት ቢሆንስ ብለው ተከራከሩለት፣ መጨረሻ ላይ የሮማው ሻለቃ ሰውየውን እንዳይቦጫጭቁት ፈርቶ ወታደር ልኮ ከመሀላቸው ነጥቆ አስወጣው። (ጳውሎስ እኮ አራዳ ነው፣ እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሌ ነው የምስቀው።)

ልዩነታቸው የትንሣኤ ብቻም አይደለም። ሰዱቃውያን ጥቂት ናቸው፣ ሀብታምና የትልልቅ ካህናት ወገን፣ የተጻፈውን ሕግ እንጂ የአባቶችን የቃል ወግ አይቀበሉም። ፈሪሳውያን ወጉን አጥብቀው የያዙ፣ ሕዝቡም የሚሰማቸው ናቸው፣ የዚያ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ በታላቁ ሄሮድስ ጊዜ ከ6000 በላይ ነበሩ ይላል።

በጣም ያናደደኝ ግን የጌታን ወንድም ያዕቆብን "ፈሪሳውያን ገደሉት" ብላችሁ ያለፋችሁት ነው። የሁለተኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያን ጸሐፊ ሄጌሲጶስ ጸሐፍትና ፈሪሳውያን ከመቅደሱ ጫፍ ወረወሩት ብሎ ጽፏል፣ እሱን አልክድም፣ ግን የጻፈው ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጆሴፈስ ኢየሩሳሌም ተወልዶ ያደገ፣ ነገሩ ሲሆን ሃያዎቹ ውስጥ የነበረ ሰው ነው፣ እሱ ምን አለ? እ.ኤ.አ. በ62 አገረ ገዢው ፊስጦስ ሞተ፣ ተተኪው አልቢኖስ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ሊቀ ካህናቱ ሐናን (ወንጌል ላይ የምናውቀው የሐና ልጅ፣ ሰዱቃዊ) ክፍተቷን ተጠቅሞ ሸንጎ ጠራና ያዕቆብን በድንጋይ አስወገረው። ይሄን የተቃወሙት እነማን ናቸው ስትሉ በከተማው ሕግ በመጠበቅ የታወቁት ናቸው፣ ስማቸውን ባይጠራም ብዙ ምሁራን ፈሪሳውያን ናቸው ይላሉ። ንጉሥ አግሪጳ ጋ አቤት ብለው ሐናን በሦስት ወሩ ከሹመቱ ወረደ። በርግጥ ጆሴፈስ ራሱ ከፈሪሳውያን ጋ ነኝ ያለ ሰው ስለሆነ ትንሽ ሳያዳላ አልቀረም፣ ቢሆንም ሐናንን የፈሪሳዊ ቆብ ማልበስ አይቻልም።

ማቴዎስ 23 ላይ ጌታ ፈሪሳውያንን የገሠጸበት ወዮላችሁ አልጠፋኝም። ግን ሐዋርያቱ እንዳይገደሉ የተከራከረው ገማልያልም ፈሪሳዊ ነው፣ ኒቆዲሞስም፣ ሉቃስ 13 ላይ ሄሮድስ ሊገድልህ ነውና ሂድ ብለው ጌታን ያስጠነቀቁትም ፈሪሳውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ70 መቅደሱ ሲቃጠል ሰዱቃውያን አብረው ከታሪክ ጠፉ፣ በኋላ የመጡት ረቢዎች የፈሪሳውያኑን መንገድ ነው የያዙት፣ አንድ ቡድን ቢሆኑ እንዴት ነው አንዱ ቀርቶ አንዱ የሚጠፋው?

ሦስተኛውን የአይሁድ ወገን፣ ኤሴናውያንን፣ ጭራሽ አለማንሳታችሁን ለዛሬ ትቼዋለሁ። የያዕቆብን መስመር ግን በሚቀጥለው እትም አርሙልን።

ከአንባቢያችሁ አንዱ