ጉፊ ውሻ ነው ወይስ ላም?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለማሂ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በጣም ናፍቀሻታል።

በስልክ የጠየቅሽኝን ነገር በአንድ ቃል መልሼ ማለፍ አልፈለግኩም። ጓደኛሽ የዲዝኒ ካርቱን ገጸ ባሕርይ የሆነው ጉፊ ላም ነው ብላ ድርቅ አለች አይደል? ውሻ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 መጀመሪያ ብቅ ሲል ጢማምና ጭራ ያለው ሽማግሌ ውሻ ነበር። ስሙም ያኔ ዲፒ ዶግ ነበር። በኋላ ጢሙም ጭራውም ቀረ። ሱሪና ጓንት ለበሰ፣ ኮፍያ ደፋ። ከውሻነቱ የተረፉት የተንጠለጠሉት ጆሮዎቹና ጥቁር አፍንጫው ናቸው። በአንዳንድ ክፍሎች ደግሞ ክላራቤል ከምትባለው ላም ጋር ፍቅር ይዞታል። ስለዚህ ጓደኛሽ ብትጠራጠር አልፈርድባትም።

የባሰ ግራ የሚያጋባው ሌላው የዲዝኒ ገጸ ባሕርይ ፕሉቶ ነው። እሱም ውሻ ነው፤ ግን በአራት እግሩ ይሄዳል፣ ይጮሃል፣ አንገቱ ላይ ማሰሪያ አለው። ጉፊ መኪና ይነዳል! እኔ እንደሚመስለኝ የሚለያያቸው ዘራቸው ሳይሆን የተሰጣቸው ቦታ ነው። ፕሉቶ የተሳለው የአይጡ የሚኪ ማውስ የቤት ውሻ እንዲሆን ነው። ጉፊ ግን ገራገር፣ ዝርክርክ ሰው ነው፤ ጆሮው ብቻ የውሻ ሆነ።

አሁን ወረቀትና እርሳስ አምጪ። አንድ ክብ ለጭንቅላት፣ አንድ ክብ ለሆድ ሳዪ። እጅና እግሩን ቀጭን ቱቦ አስመስዪው። ሁለት ክብ ጆሮ ጨምሪበት፤ ሚኪ ነው። ክቦቹን ጆሮዎች አጥፊና በምትካቸው ረጃጅም ጆሮዎች ሳዪ፤ ጥንቸሉ ኦስዋልድ ይሆናል። ዋልት ዲዝኒ በ1927 የሠራው እሱን ነበር። መብቱ ዩኒቨርሳል የሚባለው የፊልም ኩባንያ ስለነበር በዓመቱ ከእጁ ወጣ። ያኔ ነው ከሰዓሊ ባልደረባው ከአብ አይወርክስ ጋር ሆኖ ሚኪን የፈጠረው። ጆሮውን ብታሾዪው፣ ጭራውንም ወፍራምና ጸጉራም ብታደርጊው ደግሞ ቀበሮው ፎክሲ ይወጣልሻል። በ1931 በሌላ የፊልም ኩባንያ፣ በዋርነር ፊልሞች ላይ የታየ ነው፤ ቁርጥ ሚኪን!

ሰዓሊዎቹ ሰነፎች ሆነው እንዳይመስልሽ። ለአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል ይሄዳል፤ ያኔ ሥዕሉ ሁሉ በእጅ ነበር። ክብ ቶሎ ይሳላል፤ ሲዘልና ሲገለባበጥም ቅርጹ አይበላሽም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር እንስሳቱን በቀለም መለየትም አይቻልም ነበር። ጆሮና ጭራ ብቻ ቀሩ።

እኔን ከሁሉም በላይ የምትገርመኝ ቤቲ ቡፕ የምትባለው የካርቱን ገጸ ባሕርይ ናት። በ1930 ስትጀምር ፑድል ውሻ ነበረች። ረጃጅም ጆሮዎቿ ፊቷ ግራና ቀኝ ይወዛወዙ ነበር። በ1932 እነዚያ ጆሮዎች ክብ ጉትቻ ሆኑና ቤቲ ሰው ሆና አረፈችው። ያው ፊት፣ ያው ዓይን! የመጀመሪያዋንና የኋለኛዋን ከጓደኛሽ ጋር ጎን ለጎን እዩአቸው፤ ከእኔ ደብዳቤ የበለጠ ያስረዷችኋል።

ሥዕሉን ስትጨርሺ ማንም ያልሳለውን ጆሮ ጨምሪበትና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ምን እንስሳ እንደሆነ እኔ ልገምት።

የሚወድሽ አባትሽ